«አንሄድም» ላለን የላሳ አስጎብኚ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ቻይና ውስጥ የምንማርና የምንነግድ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። የትምህርት ዕረፍት በደረሰ ቁጥር «ቲቤት እንዴት ይኬዳል? ከማን ጋር ይሻላል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። አሁን መልስ አለኝ፤ አንድ አስጎብኚና አንድ ሾፌር። ሁለቱም የቲቤት ዋና ከተማ የላሳ ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ይሠራሉ፤ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸውን የማልጽፈው አስጎብኚው እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ ነው። የአስጎብኚነት ፈቃዱ እንጀራው ነው፤ ሰውየውም ለእንጀራው ጠንቃቃ ነው። እኛም ፖለቲካ እየጠየቅን አላስጨነቅነውም፤ እናንተም ብትሄዱ እንዲሁ አድርጉ።

አብረውኝ የተጓዙት አክስቴ ናቸው። ደብረ ብርሃን ተወልደው፣ ደብረ ብርሃን አስተምረው፣ ጡረታም እዚያው የወጡ መምህርት ናቸው። እኔ ቼንግዱ የባቡር ምሕንድስና ስለምማር ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ስለ ከፍታ ሕመም ባነሳባቸው «ብርድና ዳገትን ለአዲስ አበባ ልጆች ንገር» አሉኝ። ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናትም በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እንደማያንስ አሳይቷል። ይህን ስነግራቸው ይባስ ልባቸው አበጠ። ችግሩ ግን ወደ ላሳ የሚወስደን ባቡር የሚሻገረው የታንግላ የተራራ ማለፊያ 5,072 ሜትር መሆኑ ነው፤ ከራስ ደጀን አናት በ500 ሜትር ገደማ ይበልጣል።

ለውጭ ዜጋ ቲቤት ትኬት ቆርጠው ብድግ ብለው የሚሄዱበት ቦታ አይደለም። ከቻይና ቪዛ ሌላ የቲቤት ቱሪዝም ቢሮ የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚያወጣው ወኪል ብቻ ነው፤ ወኪሉም የሚያወጣው አስጎብኚ፣ መኪናና የጉዞ መርሐ ግብር ከተያዘ በኋላ ነው። ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይጨምራል። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ማርች ማብቂያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ለውጭ ሰው ይዘጋል። ስለዚህ ወኪሉ ደህና ካልሆነ ብቻዎን የሚያመልጡበት መንገድ የለም።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ወኪል በነሐሴ ኤቨረስትን «ያለ ጥርጥር ታያላችሁ» ብሎ ዋጋ ላከልኝ። ሁለተኛው፣ የማመሰግነው ማለት ነው፣ ዋጋ ከመላኩ በፊት ጥያቄ ላከ። የአክስቴን ዕድሜ፣ የደም ግፊታቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የማይበሉትን ምግብ ጠየቀኝ። ከሥሩም በነሐሴ የዝናቡ ደመና ተራራውን ብዙ ጊዜ እንደሚሸፍነው፣ ዋናው ፍላጎታችን ኤቨረስት ከሆነ በኦክቶበር ብንመጣ እንደሚሻለን ጻፈ። የራሱን ሸቀጥ የሚያጣጥል ነጋዴ ብርቅ ነው፤ ወዲያው ቀብድ ላክሁ።

ባቡሩን የተሳፈርነው ከሺኒንግ ከተማ ነው። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ተሳፋሪም እዚያ ወርዶ ኦክስጅን ወደሚያቀርበው ባቡር ይቀይራል። እስከ ላሳ 1,956 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሃያ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመካከል ካለችው ከጎልሙድ ከተማ ወዲያ ያለው 1,142 ኪሎ ሜትር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 የተከፈተ ሲሆን 550 ኪሎ ሜትር ያህሉ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚኖር አፈር ላይ ያርፋል። አፈሩ ከቀለጠ ሐዲዱ ይሰምጣል። ለዚህ ሲባል በግራና በቀኝ አሞኒያ የያዙ የብረት ቱቦዎች ተተክለዋል። በብርዱ ወራት አሞኒያው ከመሬቱ ሙቀት ወስዶ ይተናል፤ ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛው አየር መልሶ ፈሳሽ ያደርገውና ይወርዳል። ሞተር የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፣ መሬቱን ሲያቀዘቅዝ ይከርማል። እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ ቱቦ ስመለከት አክስቴ ቺሩ የሚባሉትን የቲቤት ሚዳቋዎች ይፈልጉ ነበር። አገኙም። ለእነዚህ እንስሳት ሲባል ሐዲዱ በየቦታው በድልድይ ከፍ ተደርጎ ሥሩ መተላለፊያ ተትቶላቸዋል። (እኔ እንግዲህ ለፈተና ያጠናሁትን ነገር በዓይኔ በማየቴ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አክስቴ «ስለ ቱቦ ይብቃህ» እስኪሉኝ ድረስ።)

እዚህ ላይ የፉርጎአችንን አስተናጋጅ ሳላመሰግን አላልፍም። በባቡሩ ውስጥ ኦክስጅን ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ወደ ክፍሉ አየር ይቀላቀላል፣ ሌላው በየአልጋው አጠገብ ካለ መውጫ በአፍንጫ ቱቦ ይወሰዳል። ልጅቷ ከጎልሙድ በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ መጥታ ቱቦውን አክስቴ ራስጌ አሰናድታ፣ እንዴት እንደሚሰካ በእጇ አሳይታ ሄደች። ማንም አላዘዛትም። ታንግላ ጣቢያ 5,068 ሜትር ላይ ነው፤ በዓለም ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ነው። ባቡሩ ግን ተሳፋሪ አያወርድበትም።

ላሳ ስንደርስ አስጎብኚው ካታ የሚሉትን ነጭ ሻርፕ አንገታችን ላይ አድርጎ ተቀበለን። ቀጥሎ የተናገረው ሁሉ ክልከላ ነበር። ዛሬ ሙቅ ሻወር የለም፤ ደረጃ የለም፤ ፈጥኖ መራመድ የለም። አምስተኛው ዳላይ ላማ እ.ኤ.አ. በ1645 ማሠራት የጀመሩት የፖታላ ቤተ መንግሥት ከሆቴላችን መስኮት ይታያል፣ እኛ ግን ሰውነታችን እስኪለምድ በባርኮር ጎዳና ከአሮጊቶቹ ጋር በዝግታ እየዞርን ቆየን። ምዕመናኑ የሚዞሩት በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። ጆካንግ በሚባለው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ሙሉ ሰውነታቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ይሰግዳሉ፤ አክስቴ ብዙ ሰዓት ቆመው አዩአቸው፣ ውስጥ መግባቱን ግን አልፈለጉም። አስጎብኚው «ለምን?» አላለም፤ ጥላ ያለበት መቀመጫ ፈልጎላቸው እኔን ብቻ ይዞኝ ገባ።

ጉዞአችን ፍልሰታ ላይ ወድቆ ነበር። አክስቴ ለቻይና ብለው ጾም የሚሽሩ ሰው አይደሉም፤ ቲቤት ደግሞ ቅቤ የሌለበት ነገር የለም፤ ሻዩ በቅቤና በጨው ነው፣ በየቤተ መቅደሱ የሚበራውም የቅቤ መብራት ነው። አስጎብኚው የላክሁለትን ዝርዝር በቲቤትኛና በቻይንኛ ጽፎ ደብተሩ ውስጥ ይዞት ነበር። በየምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ ምስሩ በዘይት እንጂ በቅቤ አለመሠራቱን በዓይኑ ያይ ነበር። ነገሩም እንግዳ አልሆነበትም። በእነሱ አራተኛ ወር፣ ሳጋ ዳዋ በሚሉት፣ ብዙ ሰው ሥጋ አይበላም፤ እናቱም እንደዚያ እንደሆኑ ነገረን። አክስቴን «አማላ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እኛ «እማማ» እንደምንለው ነው።

ከዚያ ጻምፓ መጣ። ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ ዱቄት ነው፤ በቅቤ ሻይ ታሽቶ ይበላል። አክስቴ በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱና «ይሄ እኮ በሶ ነው!» አሉ። ነውም። በሙቅ ውሃና በጨው ብቻ አሽተው፣ ጭብጦ አድርገው ሲበሉ ያየችው የምግብ ቤቱ ባለቤት ሌላ ሰሃን ሙሉ ይዛ መጣች፣ ገንዘብም አልቀበልም አለች። ከዚያ በኋላ አስጎብኚያችን መኪናው ውስጥ የጻምፓ ከረጢት ሳይዝ አልተንቀሳቀሰም።

ሾፌሩ ቲቤትኛና ቻይንኛ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ የሚያውቀውንም ብዙ አይናገርም። ከላሳ ወደ ጊያንጼ ከተማ የሚወስደው የድሮው መንገድ ከ4,700 ሜትር በላይ የሆነውን የካምባ ላ ማለፊያ ይወጣል፤ ከዚያ 4,441 ሜትር ላይ ወዳለው የያምድሮክ ሐይቅ ይወርዳል፤ ቀጥሎ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ በካሮ ላ የበረዶ ግግር ሥር ያልፋል። መታጠፊያው መቁጠሪያ የለውም። ሰውየው በመታጠፊያ ላይ አንድም መኪና አልቀደመም፤ ከኋላው ጥሩንባ ቢነፋበትም አልሰማ አለ። ዓባይ በረሃን በሚኒባስ የወረደ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ማለፊያ አናት ላይ ሲደርስ «ኪ ኪ ሶ ሶ ላ ጊያሎ!» ብሎ ይጮኻል፣ «ድል ለአማልክት» እንደማለት ነው፤ በዚያው ቅጽበት አክስቴ ከኋላ ያማትባሉ። ፎቶ እስክናነሳ ጥቂት ይታገሰንና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ አናት ላይ መቆየት ለማንም አይበጅም ባይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በመርሐ ግብራችን ከሺጋጼ ከተማ ተነስተን ወደ ሮንግቡክ ገዳም፣ ኤቨረስት ግርጌ ልንሄድና እዚያ ልናድር ነበር። ሺጋጼ ላይ እ.ኤ.አ. በ1447 የተመሠረተውን የታሺልሁንፖ ገዳምና 26 ሜትር የሚረዝመውን የማይትሬያ (ወደፊት ይመጣል የሚሉት ቡድሃ) ሐውልት አይተን ወጣን። አክስቴ ደህና ነኝ ይላሉ። ማታ ግን በሶውን ሳይጨርሱ ተዉት፤ እኔ ደክሟቸው ነው አልኩ። አስጎብኚው ጣት ላይ የምትሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አውጥቶ ለካቸው፤ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ እንቅልፍ እየቆራረጠ ጠየቃቸው። በመጨረሻ ካለፈው ሌሊት ጀምሮ ራሳቸውን እያመማቸው መሆኑን አመኑ።

«ነገ አንሄድም» አለ። እኔ ተከራከርኩ፤ ተኝተው ቢያድሩ ይሻላቸዋል አልኩ። ወረቀት አውጥቶ መንገዱን ሣለልኝ። ሺጋጼ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሮንግቡክ 5,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በመካከል ደግሞ 5,248 ሜትር ላይ የጊያትሶ ላ ማለፊያ አለ። የከፍታ ሕመም ሲብስ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ከሮንግቡክ ወደ ሺጋጼ ለመውረድ ግን መጀመሪያ ከመኝታው የበለጠ ከፍታ መውጣት ግድ ነው፤ ያውም በሌሊት፣ ከታመመ ሰው ጋር። ክርክሬ እዚያ ላይ አለቀ። በየትኛውም የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ይህን ነገር ጽፎ ያየሁት ወኪል የለም።

ሺጋጼ ዕረፍት አድርገን እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው መስመር በባቡር ወደ ላሳ ተመለስን። ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ከያርሉንግ ጻንግፖ ወንዝ ጋር ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ እነዚያን ማለፊያዎች አይነካም። በባቡር ማድረጉም የአስጎብኚው ሐሳብ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን በመንገድ ነድቶ ላሳ ጣቢያ በር ላይ ጠበቀን። የአክስቴ ራስ ምታት ለቅቋቸው ምግብ የጠየቁት ያን ዕለት ማታ ነው። ወኪሉ ደግሞ ያልተጠቀምንበትን የማደሪያና የኤቨረስት መግቢያ ገንዘብ እኔ ሳልጠይቅ መልሶ ላከልኝ፤ ስንቱን እንዳስቀረና ለምን እንደሆነም በዝርዝር ጽፎ።

እንከን የለባቸውም አልልም። መኪናው አሮጌ ነው፣ የኋላው ወንበር ለረጅም ሰው ጉልበት አይመችም፤ የሺጋጼው ሆቴልም ከተከፈለበት ዋጋ አንጻር ተራ ነበር። ለእኔ እነዚህ ከሚዛን የሚገቡ አይደሉም።

አድራሻቸውን የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ ከእኔ የመጣ መሆኑን ከነገራቸው ያውቁታል። ዕድሜውንና ሕመሙን ሳይደብቅ ይንገራቸው፤ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድሞ ይጀምር፤ ለሾፌሩም ጉርሻውን ለብቻው በእጁ ይስጠው። በጾም ወቅት የሚሄድ ሰው ስለ ምግብ አዲስ ዝርዝር ማዘጋጀት አያስፈልገውም፤ አክስቴ ከመመለሳቸው በፊት የረቡዕና የዓርቡንም ጨምረው አስጽፈውታል።