ከደብረ ማርቆስ የገዛሁት የሱፍ ግድግዳ ጌጥ

በደብረ ማርቆስ ከአንድ አነስተኛ የሽመና ቤት በበግ ጸጉር የተሠራ የግድግዳ ጌጥ ገዝቼ ከሰቀልሁ ወራት አልፈዋል። በጎጃም ሸማኔ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጥጥ ጋቢንና ነጠላን ነው፤ ሆኖም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ ተራራ ዙሪያ ብርዱን ለሚያውቅ ደገኛ የበግ ጸጉር እንግዳ ነገር አይደለም።

የሥራው ጥራት የሚታወቀው በማጉ፣ ማለትም በአግድም በሚገባው ክር ነው። በዚህ ዓይነት ሽመና ማጉ ድሩን (በቁመት የተወጠረውን ክር) ፈጽሞ እስኪሸፍነው ድረስ እየተጠቀጠቀ ስለሚገባና እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ቦታ ብቻ ስለሚመላለስ፣ ሥዕሉ በኋላ የሚጨመር ሳይሆን ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። ሁለት ቀለሞች ቀጥ ብለው በሚዋሰኑበት መስመር ማጎቹ ካልተቆላለፉ ግን ክፍተት ይፈጠራል፤ የእኔን ወደ ብርሃን አንሥቼ ስመረምረው አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እርሱንም ሸማኔው ወዲያው በመርፌ ሰፋልኝ። ከሁሉም ይልቅ የወደድሁት ቀለም ያልተነከረው፣ በጉ ራሱ ያበቀለው ጥቁርና ቡናማ ጸጉር ያለበት ክፍል ነው።

ቅር ያሰኘኝ ስለ አያያዙ ምንም አለመነገሬ ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ታሽቶ ከታጠበ ይኮማተራል፤ ብልም ይወደዋል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ አውርዶ ማራገፍና ማናፈስ ያስፈልጋል።