ትንሽዬ የጌምና የኤዲቲንግ ኮምፒውተር፦ ያገለገለ የቢሮ ማሽን ይሻላል ወይስ አዲስ ማስገጣጠም?

ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች ጥር ሊገባ ሲል ይጠይቁኛል። ጌም የሚወዱት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ጥያቄያቸው ያው ነው፤ «60 ሺህ ብር አካባቢ አለኝ። ቦታ የማይፈጅ፣ ጌምም ኤዲቲንግም የሚችል ኮምፒውተር ምን ልግዛ?» ደሴ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ቦታ አለመፍጀቱም ቁም ነገር ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ያገለገለ የቢሮ ማሽን ግዙ። ቀጭኑን ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ማለቴ ነው። ከዚያ ሎው ፕሮፋይል (ቁመቱ ያጠረ) ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ጨምሩበት። ሌላው አማራጭ ግራፊክስ ውስጡ ያለውን ራይዘን 5 5600ጂ ሲፒዩ ይዞ ሁሉንም በአዲስ ማስገጣጠም ነው። እሱም ጥሩ ነው፤ በዚህ ብር ግን አልመክርም።

ምክንያቴ ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ዕቃ አይቀመስም። 5600ጂ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ሲቀርብ 259 ዶላር ነበር። ዛሬ ረክሶ ብታገኙት እንኳ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ ገና አልተገዙም። ትንሽ ኬዝ ካላችሁ ደግሞ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሹ ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። ትንሽ ስለሆነ ርካሽ አይምሰላችሁ፤ ከማይክሮ ኤቲኤክሱ ይወደዳል። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ የምትጫወቱት ሲፒዩው ውስጥ ባለው ግራፊክስ ነው። እሱ ደግሞ ከ1650 በግልጽ ያንሳል።

የቢሮ ማሽኑን ስትገዙ እነዚያ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ የገጠመውም ፋብሪካ ነው። ዴል ከሆነ ሰውነቱ ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባል ቁጥር ተለጥፎበታል። የዴል ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ምን እንደነበረው ያሳያችኋል። ሻጭ የሚላችሁን ከዚያ ጋር አመሳክሩ።

ሲፒዩው «አይ7 ነው» ካሏችሁ «ስንተኛ ጀነሬሽን?» በሉ። አይ5 8500 ስድስት ኮር አለው፤ የ4ኛው ጀነሬሽን የዴስክቶፕ አይ7 አራት ብቻ። ከ8ኛው በታች አትውረዱ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር 7ኛውን ጀነሬሽን በይፋ አይቀበልም። መዳፍ የምታህለውን ማይክሮ የምትባለውንም እለፏት። ግራፊክስ ካርድ የሚገባበት ቦታ የላትም።

ወደ ካርዱ ስንመጣ፣ ብዙዎች «አርኤክስ 580 እኮ ርካሽ ነው» ይሉኛል። 185 ዋት ይበላል። የቀጭኑ ማሽን ፓወር ሰፕላይ በሙሉ 200 ዋት ገደማ ነው፤ ስለዚህ አይታሰብም። 1650 ግን 75 ዋት ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ምረጡ። ሲፒዩው 65 ዋት ቢወስድ ድምሩ 140 ነው። የሚተርፈው ለሌላው ዕቃ ይበቃል።

አርኤክስ 6400ም አለ። 53 ዋት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል በጣም ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ኬዝ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ለሰርግ ኤዲተር ግን አልመርጠውም። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ የሚያግዘው ኢንኮደር ጭራሽ የለውም። አሮጌ የቢሮ ማሽን ላይ ሲሰካ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 1650 ኢንኮደር አለው። ችግሩ ሎው ፕሮፋይሉ የሁለት ካርድ ቦታ መያዙ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ኬዙን ከፍታችሁ ለኩ።

ፌክ ካርድን ልብ በሉ። አንድ ወዳጄ «1050 ቲአይ» ብለው የሸጡለትን ከኮምቦልቻ ይዞልኝ መጣ። «አብሽር፣ ኦሪጅናል ነው» ብለውታል። ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ነው ይላል። ድራይቨር ሲጫን ግን ስክሪኑ ይጠቁራል። ነቅዬ መሰኪያዎቹን ሳይ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ አለው። ነገሩ እዚያው ገባኝ፤ 1050 ቲአይ የቪጂኤ መውጫ የለውም። ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስናየው ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ አወጣ። ውስጡ የአሥር ዓመት ካለፈው ዘመን የመጣ ባለ 192 ኮር ቺፕ ነው፤ ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ ያለውን፣ ማንነቱን የሚናገረውን ሶፍትዌር) ቀይረው አዲስ ስም ሰጥተውታል። እውነተኛው 768 ኮር አለው። ልጁ ብሩን ለማስመለስ ሲደውል ስልኩ አይነሳም።

ጂፒዩ-ዚን ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ማሽን ላይ ሰክቶ ካላሳያችሁ ገንዘብ አታውጡ። ለዚህ ነው ካርዱን ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ከማስመጣት፣ ሁለት ሦስት ሺህ ብር ቢወደድም ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ እያያችሁ ግዙ የምለው። የተበላሸ ካርድ ለማስቀየር 400 ኪሎ ሜትር መመለስ ልዩነቱን ይበላዋል።

አዲስ ማስገጣጠም ቢያምራችሁ እንኳ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አትንኩ። ላዩ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት በሚለው ሥር 15 አምፒር ካለ፣ ለሲፒዩና ለካርድ የሚደርሰው 180 ዋት ብቻ ነው። አንዳንዱ ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

የቢሮ ማሽኑ ደካማ ጎንም ይኸው ፓወር ሰፕላይ ነው። ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቅርጹም መሰኪያውም የራሱ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከተቃጠለ ጠጋኝ ጋ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምለትም። ጥር ላይ፣ የሰው ሰርግ ውስጡ እያለ ይህ ቢደርስ አስቡት። ስለዚህ ማሽኑን በምትገዙበት ቀን የዚያኑ ሞዴል ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ አብራችሁ ግዙ፤ ወይም የሞተ ማሽን ለመለዋወጫ ለምኑ። ከዚያ የተረፈው ብር መጀመሪያ ለስታቢላይዘር፣ ቀጥሎ ለሁለተኛ 8 ጊጋ ራም ይዋል።