ጓንዡ ያላችሁ ወላጆች፣ ከ«ነፃ የእንግሊዝኛ ምዘና» ተጠንቀቁ!

ጓንዡ ያላችሁ ሐበሾች፣ በተለይ ከቻይና ሰው ጋር ትዳር መሥርታችሁ ልጃችሁን በቻይና ሃይስኩል የምታስተምሩ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ከአንድ አስጠኚ ድርጅት ቢሮ የወጣሁት ዛሬ ከሰዓት ነው። ንዴቱ አሁንም አልለቀቀኝም።

ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ይበትናሉ፣ የዊቻት ኮድ ያስነሳሉ። «የማዳመጥና የማንበብ ችሎታ ምዘና፣ በነፃ!» ከዚያ የመስታወት ክፍል፣ ሙቅ ውሃ፣ ባለቀለም ግራፍ። «ልጃችሁ ማዳመጥ ላይ በጣም ደካማ ናት፤ አሁን ካልተያዘች ጋውካው (የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና) ላይ ይቆጫችኋል» ይሏችኋል። ቅናሹ ደግሞ ሁሌም ለዛሬ ብቻ ነው። ባለቤቴ እዚያው ቁጭ ብላ 12,000 ዩዋን ላከች።

ዛሬ የ«ማጠቃለያ ምዘና» ውጤት ሊነግሩን ጠሩን። አማካሪዋ ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ዘረጋች። ማዳመጥ፣ ያኔ ከ30 10.5፤ አሁን 25.5። ባለቤቴ ፊቷ በራ። አማካሪዋ ጊዜ አላጠፋችም፤ የቀጣዩን ዙር ውል ከመሳቢያ አውጥታ እስክሪብቶ አቀበለቻት። ልጄ ግን አንገቷን ደፍታለች።

«ምነው?» አልኳት በአማርኛ።

«አባቢ፣ ያው ፈተና እኮ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን ሠርተውልናል።»

አማካሪዋን ወረቀቶቹን አምጪ አልኳት። «ፋይል ክፍል ናቸው» አለች። እስኪመጡ አልነሳም ስላት እያጉረመረመች አመጣቻቸው። አናቱ ላይ ያቺ ቻይና ያለ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት የሸሚዝ ዋጋ ምሳሌ አለች፣ 9 ፓውንድ ከ15 ፔንስ። ከሥሯ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። 20ውም የማዳመጥ ጥያቄ ያው ነው። ምንባቦቹም ያው ናቸው፤ የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል እንኳ አልተነካም። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

አማካሪዋ ወደ ባለቤቴ ዞራ በካንቶኒዝ «ባልሽ የውጭ ሰው ነው፤ የኛ ፈተና አይገባውም» አለቻት። እኔ ሺያዎቤይ ገበያ ውስጥ በካንቶኒዝ ዋጋ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማናጀሩ ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ነጥቧ ጨምሯል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለን። ልጄ ፊት! ቅዳሜና እሁዷን ሰጥታ የተማረችው ልጅ ፊት!

በጣም የሚያበግነው ደግሞ ሌላ ነው። ያስጠኗት የማዳመጥ ፈተና ጓንዡ ባለችበት ግዛት፣ ጓንግዶንግ ውስጥ የሚሰጠው አይደለም። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ከ150ው የጋውካው እንግሊዝኛ ማዳመጡ 30 ነጥብ ይይዛል። 5 አጫጭር ንግግሮች አንድ አንድ ጊዜ፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ ተማሪው ከሦስት ምርጫ አንዱን ይይዛል። ጓንግዶንግ ላይ ግን ማዳመጥና መናገር አንድ ላይ ነው፤ ከጽሁፉ ፈተና ተለይቶ በኮምፒውተር ይሰጣል፣ 20 ነጥብ። ተማሪዋ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቪዲዮውን እየተከተለች ታነባለች። 3 ጥያቄ ትጠይቃለች፣ 5 ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ የሰማችውን ታሪክ በራሷ አንደበት ትተርካለች። የሚመረጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ የለም! እዚሁ ከተማ ቢሮ ከፍተው ይህን አያውቁም ብሎ ማንም አያሳምነኝም። ልጄን እዚያ ማይክሮፎን ፊት አንድም ቀን አላናገሯትም። ትምህርት ቤቷ በቅርቡ ሲያለማምዳቸው ታሪኩን ሰምታ ገብቷት ሳለ መተረኩ አቃታት፤ «ሰነፍ ነኝ» እያለች ስታለቅስ አመሸች። ሰነፍ አይደለችም። ደካማ ነሽ ብለው በግራፍ ያሳመኗት እነሱ ናቸው፣ ውል ለማስፈረም።

ገንዘባችንን መልሱ ስንል ውሉን አሳዩን። «የትምህርት ምክር አገልግሎት» ይላል፤ ማስተማር የሚል ቃል የለበትም። ከ2021 ወዲህ በአስጠኚ ድርጅቶች ላይ ሕጉ ሲጠብቅ ብዙዎቹ በዚህ ስም ነው የተደበቁት። ማንበቡ ላይማ ምን እንዳስተማሯት እስካሁን የነገረን የለም።

ለምዘና ከሄዳችሁ የመጀመሪያውን ወረቀት ፎቶ አንሱት። ከ3 ወር ወይም ከ60 ክፍለ ጊዜ በላይ በአንዴ ማስከፈል ክልክል ነው፤ ከጠየቋችሁ ተነሱና ውጡ። የሸማቾች አቤቱታ 12315 ላይ ነው፤ እኛ አስመዝግበናል። የሁለቱም ወረቀቶች ፎቶ እጄ ላይ አለ። ለእንዲህ ያለ ድርጅት ከፍላችሁ «ማጠቃለያ ምዘና» የተሰጣችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እናመሳክር፤ ድርጅቱ አንድ ከሆነ አብረን እንከሳለን።