ብድር ሲካድ፦ ሽምግልና ወይስ ክስ?
ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ያለ ነጋዴ ለጎረቤቱ 40 ሺህ ብር አበደረ እንበል። ተበዳሪው «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ያመላልሰዋል።

ሽምግልናው ቶሎ ያልቃል፣ ጉርብትናም አይበላሽም። ግን ሰውዬው እሺ ብሎ ቢቀር ሽማግሌ ንብረቱን አስይዞ አያስከፍለውም።

ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ከሳሽ ክሱን ከማስረጃው ጋር ያስገባል፣ የዳኝነት ገንዘብ ይከፍላል። ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት መልስ ይሰጣል። ተፈርዶለትም ገንዘቡ ካልተከፈለ ፍርዱን በግድ ለማስፈጸም ሌላ፣ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለ። ቀጠሮው ያሰለቻል!

ዋናው ጣጣ ወረቀት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት (ተበዳሪው «አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ሲል) ወይም በመሐላ ነው። የሰው ምስክር ብቻ አያዋጣም። ስለዚህ ወረቀት የሌለው መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ፤ ዕዳው ሲታመን እዚያው በጽሑፍ ያስፈርም። የተፈረመ ውል በእጁ ያለውን ግን ክሱን ቢመሠርት አልፈርድበትም።