አዲስ ኮፒ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል? ሦስት ጊዜ ካምቢዮ ያስወረደ ሰው የፍሪሲዮን ሒሳብ

«ፍሪሲዮን ልቀይር ነው፣ የቱን ልግዛ?» የሚል ስልክ በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ መጣልኝ። መካኒክ አይደለሁም። ግን በሁለት ወር ውስጥ ለፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ ለሚያገናኘውና ለሚለያየው ዕቃ) ብዬ ያቺን አሮጌ ኮሮላዬን ሦስት ጊዜ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ማስወረዴን ጅማ ውስጥ ያልሰማ ጓደኛ የለኝም።

መልሴን ላስቀድም፦ የቤት መኪና ከሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። አዲስ ኮፒ ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ይቅርባችሁ። አዲስ ኦሪጅናል መግዛት የሚችል ደግሞ የእኔን ምክር ባያነብም ይሆናል።

እኔ ስጠይቅ አዲሱ ኦሪጅናል ሙሉ ሴት (ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ፕሬሸርና ፔዳል ሲረገጥ ፕሬሸሩን የሚገፋው ኩሽኔታ) 26,000 ብር ነበር። በ2015 ዓ.ም. 11,000 ተብሎ «ተወደደ» ብዬ የተውኩት ዕቃ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን ዛሬ የጠየቃችሁትን ዋጋ ነገ አታገኙትም። ኮፒው 7,800፣ ያገለገለው ሸራና ፕሬሸር 9,500። ማነው 1,700 ብር ጨምሮ አሮጌ የሚገዛ? እኔም ኮፒውን ገዛሁ፤ ማስገጠሚያ 2,500 ከፈልኩ።

በሁለተኛው ቀን እንግዶች ይዤ ወደ ጅሬን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይ ሽቅብ ወጣሁ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ መኪናውን ሞላው። እንግዶቹ መጨረሻውን በእግራቸው ወጡት።

መካኒኩ «ጋሼ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። አዲስ ሸራ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሳይጨነቅ መነዳት አለበት። ነገር ግን ዳገት ላይ እየሸተተ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አይላመድም፤ ይቃጠላል፣ ሸራው የሚጫንበትን የሞተሩን ክብ ብረት፣ ቮላኖውንም ያቃጥላል። «ይላመዳል» ያላችሁን ሰው አትመኑት።

ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት በነፃ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ፔዳሉን በእጃችሁ ጫን አድርጉት፤ ክብደት ሳይሰማችሁ በፊት ትንሽ ክፍት እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። እንደኔ ባለ ቶዮታ ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተት ከሌለው ኩሽኔታው ፕሬሸሩን ሁልጊዜ እየገፋው ነውና አዲስም ቢሆን ይንሸራተታል፤ ይህ በቁልፍ የሚስተካከል ነገር እንጂ የዕቃ ጥፋት አይደለም። ቀጥሎ ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊታችሁ ማንም ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬን ጥርቅም አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። እየጮኸ ከቀጠለ አይዝም። አንዴ ይበቃል፤ ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ በራሳችሁ እጅ ትጨርሱታላችሁ። በመጨረሻ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበትን ቦታ ከሥር እዩ። ዘይት ካንጠባጠበ መልሱ እዚያው ነው።

የእኔ ያንጠባጥብ ነበር። ካምቢዮው ሲወርድ ከሞተሩ በኋላ በኩል ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አልቆ ሸራው በዘይት ርሷል። መጀመሪያ ሲገጠም ማንም አላየውም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ሞክረን ነበር። ኦይል ሲል 650፣ ኮፒ ሸራ ለብቻው 3,400፣ እንደገና 2,500 የእጅ።

አሁንም ተንሸራተተ! ከአጋሮ ስመለስ፣ ዳገት በማይባል ዳገት ላይ።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ነው ጎረቤቴ ቡና ነጋዴው የሚዛኑን ነገር ያነሳው። አሮጌውን ፕሬሸርና ኮፒውን በቡና ሚዛን መዘንናቸው። ስፋታቸው አንድ ሆኖ ኮፒው በ600 ግራም ያህል ቀለለ። የሚጫነው ብረት ሲሳሳ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የሸራው ሪቬቶችም (ሸራውን የሚይዙት ሚስማሮች) አንዱ ጠልቆ አንዱ ወጥቶ ነበር። ቮላኖው ደግሞ እንደ መስታወት አብረቅርቆ፣ እዚህም እዚያም ሰማያዊ ቃጠሎ ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊቱን የሚያስተካክለው ቶርኖ ቤት ሳይሄድ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ኮፒው ላይ አልጭንም፤ አብዛኛውን ግን እጭናለሁ።

በሦስተኛው ያገለገለውን ገዛሁ፦ 9,500፣ አዲስ ኩሽኔታ 1,900፣ ቶርኖ 1,200፣ የእጅ 2,500። ደምሩት፦ 10,300 እና 6,550 እና 15,100። 31,950 ብር! አዲሱ ኦሪጅናል ከነቶርኖው፣ ከነኦይል ሲሉና ከነማስገጠሚያው 30,350 ነበር የሚፈጀው። ያገለገለውን ከመጀመሪያው በትክክል፣ ከነኦይል ሲሉ ባስገጥም ደግሞ በ15,750 እገላገል ነበር።

ያገለገለ ስትገዙ ሸራና ፕሬሸሩ ከአንድ መኪና የወረዱ ይሁኑ። ከሸራው ፊት እስከ ሪቬቱ ራስ ያለውን ጥልቀት በካሊፐር ለኩ፤ ቶዮታ 0.3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ጣሉት ይላል፣ እኔ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች አልገዛም። የፕሬሸሩ ጣቶች (መሐሉ ላይ ያሉት ምላሶች) ቁመታቸው እኩል ይሁን፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ቃጠሎ አይኑር። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሸራው ስፋት በዓይን ያታልላል። ኩሽኔታ ግን መቼም አሮጌ አትግዙ፤ 1,900 ብር ለማዳን ብላችሁ 2,500 የእጅ ትከፍላላችሁ።

በአሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ብቻ ማስለጠፍስ? ይረክሳል። ለከተማ ውስጥ ዝውውር ይሆን ይሆናል፤ ጊቤን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ለሚሄድ መኪና አላደርገውም።

ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። የእናንተ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። የሠፈራችን ልጅ አዲስ ሸራ አስገብቶ ሲንሸራተትበት የሸጠለትን ሰው ሊደበድብ ነበር፤ የጨመረው የቤት መኪና ዘይት ሆኖ ተገኘ። ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን ማለት ነው) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ሲቀይር አብዛኛው ችግር ጠፋ።

ትናንት የደወለልኝ ከሰቃ ነው፣ አይሱዙ አለው፣ ቡና ይጭናል። ለእሱ ያገለገለ አላልኩትም። «ተበድረህም ቢሆን አዲስ ኦሪጅናል ግዛ» አልኩት። ዝም አለና ዋጋውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስልኩ ተዘጋ፤ ኔትወርክ ይሁን ንዴት አላወቅሁም።