ቶዮታ ጂአር 86፦ በማንዋል ካምቢዮ ወይስ በኦቶማቲክ?

ቶዮታ ጂአር 86 የተባለውን የስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ከቀለሙና ከቸርኬው በፊት ሊወስን የሚገባው ካምቢዮውን ነው። ሞተሩ፣ ወንበሩና መሪው አንድ ሆነው ሳለ መኪናው በማንዋልና በኦቶማቲክ ሁለት የተለያየ ጠባይ አለው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለመንዳት ደስታ ብሎ የሚገዛው ሰው ማንዋሉን ይውሰድ።

በጃፓን ጉንማ በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ የሚሠራው ይህ መኪና ባለ 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙበት ሞተር አለው። ተርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ አልተገጠመለትም። 228 የፈረስ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ የሚሰጠው በደቂቃ 7000 ዙር ላይ ሲደርስ ሲሆን ቀዩ መስመር፣ ሞተሩ ሊያልፈው የማይገባው ዙር፣ 7500 ላይ ነው። ከፍተኛውን ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል)፣ ማለትም 249 ኒውተን ሜትር፣ በ3700 ዙር ያገኛል። የቀድሞው ባለ 2.0 ሊትር ሞተር መካከለኛ ዙር ላይ ይደክም የነበረው ነገር በዚህኛው ተስተካክሏል። ያም ሆኖ እውነተኛው ጉልበት ያለው ላይኛው ዙር ላይ ስለሆነ፣ መኪናው እንዲሮጥ የፈለገ ሹፌር ዙሩን ከ4500 በላይ ይዞ መቆየት አለበት። ለዚህ ደግሞ ማርሾቹ ተቀራርበው መሠራት አለባቸው።

ቁጥሮቹን እንያቸው፤ የማርሽ ቁጥር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚዞር ይነግረናል፣ የሁለት ተከታታይ ማርሾች ቁጥር በተቀራረበ መጠን ማርሽ ሲቀየር ዙሩ ብዙ አይወርድም። የማንዋሉ ማርሾች ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ 3.626፣ 2.188፣ 1.541፣ 1.213፣ 1.000 እና 0.767 ሲሆኑ ዲፈረንሻሉ 4.100 ነው። የኦቶማቲኩ 3.538፣ 2.060፣ 1.404፣ 1.000፣ 0.713 እና 0.582፣ ዲፈረንሻሉም 3.909 ነው። በሦስተኛ ማርሽ 7000 ዙር ደርሶ አራተኛ ሲገባ ማንዋሉ ወደ 5500 ይወርዳል፤ ኦቶማቲኩ ግን 5000 ድረስ ይወድቃል። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ሲሆን ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል፤ ማንዋሉ 5800 አካባቢ ሲያርፍ ኦቶማቲኩ አሁንም 5000 ላይ ነው። ይህን ሹፌሩ ጀርባው ላይ ይሰማዋል። ማንዋሉ ማርሹ እንደገባ ጉተታውን ይቀጥላል፤ ኦቶማቲኩ ግን ትንፋሽ ሰብስቦ እንደገና ይነሳል።

ይኸው የማርሽ መቀራረብ አውራ ጎዳና ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በሰዓት 70 ማይል፣ በስድስተኛ ማርሽ ማንዋሉ 3000 ዙር ገደማ ሲዞር ኦቶማቲኩ 2200 አካባቢ ነው። ድምፁ ረጅም መንገድ ላይ ያደክማል። ነዳጁም ይቆጠራል፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2022 ሞዴል ያወጣው አማካይ ለማንዋሉ በጋሎን 22 ማይል፣ ለኦቶማቲኩ 25 ማይል ነው። በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው በማንዋሉ ወደ 65 ጋሎን ተጨማሪ ይገዛል፣ ያውም ፕሪሚየም ቤንዚን።

«ዛሬ ኦቶማቲክ ከማንዋል ይፈጥናል» የሚለው አባባል እዚህ መኪና ላይ አይሠራም። በጂአር ሱፕራ ባለ 3.0 ሊትር ላይ የዜድ ኤፍ ባለ ስምንት ማርሽ ኦቶማቲክ ከ0 እስከ 60 ማይል በ3.9 ሰከንድ ያደርሳል፤ በ2023 ሞዴል የተጨመረው ማንዋል 4.2 ይፈጅበታል። በፖርሸ 911 ጂቲ3 የ992 ትውልድ ላይ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ፒዲኬ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.4 ሰከንድ፣ ማንዋሉ 3.9 ይወስዳል። እነዚያን በማንዋል የሚገዛ ሰው ግማሽ ሰከንድ ያህል እያወቀ ይተዋል። በጂአር 86 ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቶዮታ ራሱ ከ0 እስከ 60 ማይል የሚሰጠው ቁጥር ለማንዋሉ 6.1፣ ለኦቶማቲኩ 6.6 ሰከንድ ነው። ኦቶማቲኩ በቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ኃይል በዘይት በሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ የሚሠራ ባለ ስድስት ማርሽ ሲሆን ክብደቱም 18 ኪሎ ግራም ያህል ይበልጣል። ማንዋሉ 60 ማይልን የሚይዘው በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀዩን መስመር ሊነካ ሲል ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን 6500 ላይ ጨርሶ ሦስተኛ የሚያስገባ ሹፌር 6.1ን አያያትም።

ኦቶማቲኩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዲሲ ውስጥ ሠርቶ በ495 ወይም በ395 አውራ ጎዳና ወደ ቨርጂኒያ ለሚመለስ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ እየቆመ እየተነሳ ለሚጓዝ ሰው ግራ እግሩን ያሳርፍለታል። ስፖርት ላይ ሲደረግ ፍሬን ሲያዝ ማርሽ ራሱ ይቀንሳል፤ ከመሪው ጀርባ ባሉት መቀየሪያዎችም በእጅ መቀየር ይቻላል። መጠምዘዣ ላይ ግን ቅነሳ ሲጠየቅ ዙሩ ይበዛል ብሎ ካሰበ እምቢ ይላል፤ ሹፌሩ የፈለገውን ማርሽ ሳያገኝ ኩርባው ውስጥ ይገባል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ አሜሪካ ውስጥ ግጭት ሲቃረብ ራሱ ፍሬን የሚይዘው የደኅንነት መሣሪያ በ2022ና በ2023 ሞዴሎች ከኦቶማቲኩ ጋር ብቻ ነበር የሚመጣው። ለማንዋሉ የተሰጠው ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ማንዋሉ። የማርሽ ዘንጉ አጭር ነው፣ የእጅ አንጓ ብቻ ይበቃዋል። የኋላ ማርሽ ከአንደኛ በስተግራ ወደ ላይ ነው፤ ከእጀታው ሥር ያለው ቀለበት ካልተነሳ አይገባም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ ሻካራ ይሆናል፣ አንዳንዴም ይንጫጫል። የካምቢዮው ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ማርሾቹን የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር ሥራው ይከብደዋል። በኃይል መግፋት ሲንክሮናይዘሩን ይበላዋል። የሚሻለው ዘንጉን በቀስታ ተጭኖ እስኪገባ መጠበቅ፣ ወይም ዜሮ ላይ ፍሪሲዮን ለቆ እንደገና ረግጦ ማስገባት ነው። የሞተሩ ዘይት ሞቋል ማለት ካምቢዮው ሞቋል ማለት አይደለም፤ የካምቢዮው ዘይት ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ዘይቱ 2.2 ሊትር ያህል ነው፤ ሲቀየር የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ደረጃ ይዞ መሄድ እንጂ ሱቁ ያለውን መቀበል አይገባም። ለዲፈረንሻል የተሠራው ዘይት ሁሉ ለሲንክሮናይዘር አይስማማም።

ማርሽ ሲቀነስ ዙሩን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ በዚህ መኪና ላይ የለም። ሥራው የሹፌሩ ነው፣ የማንዋሉ ትልቁ ደስታም እዚህ ላይ ነው። ወደ ኩርባ ሲቃረቡ ፍጥነቱን ወደ 50 ኪሎ ሜትር አውርደው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይቀንሳሉ እንበል። በ50 ኪሎ ሜትር ሦስተኛ ማርሽ 2700 ዙር ሲዞር ሁለተኛው 3800 ይጠይቃል፤ የጎደለውን 1100 ዙር መሙላት ያለበት እግር ነው። የቀኝ እግር ፊት ፍሬኑን አጥብቆ እንደያዘ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ዘንጉ ወደ ሁለተኛ ይገባል፣ ፍሬኑ ሳይላላ የእግሩ ቀኝ ጠርዝ ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል፣ ዙሩ 3800 ሲነካ ፍሪሲዮን ይለቀቃል። ልክ ከሆነ መኪናው ምንም አይነቃነቅም። ካልሆነ የኋላ ጎማዎች ለቅጽበት ይያዛሉ፣ በዝናብ ጊዜ ኋላው ይንሸራተታል፣ የዙሩን ልዩነትም የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተበላ ይከፍለዋል። የጀማሪ ስህተት ነዳጁን ሲመታ ፍሬኑን ማላላት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬኑን በእኩል ጫና መያዝ ይለማመዱ፣ ነዳጁ ኋላ ይምጣ።

ማንዋል ሞተር ሊሰብር የሚችልበት አንድ መንገድ አለ። በ130 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ለመቀነስ የሄደ እጅ ዘንጉን ወደ ግራ ከሳበው የሚገባው ሁለተኛ ነው። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ሞተሩን ወደ 10,000 ዙር ያዞሩታል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ቢቆርጥም አያድነውም፣ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያዞረው መንገዱ ነው። ቫልቮቹ በጊዜ መዘጋት አቅቷቸው ከፒስቶን ጋር ይጋጫሉ። መከላከያው ዘንጉን ጨምድዶ አለመያዝ ነው። ከአምስተኛ ወደ ኋላ ሲሳብ ሞላው ራሱ ወደ መሃል፣ ወደ ሦስተኛና አራተኛ መስመር ያመጣዋል፤ መዳፍን ከፍቶ ቀጥ አድርጎ መሳብ ብቻ ይበቃል።

አዲስ አበባ በማንዋል መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ፍሪሲዮን አይፈራም፤ ይህ ትልቅ ቅድሚያ ነው። ግን አብረው የሚመጡ ልማዶች አሉ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ እዚህ ሞተር ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ መርጫዎቹ ነዳጅ ያቆማሉ፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨት ይቀጥላሉ። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መኪናውን ማቆምም ሸራውን ያቃጥላል፤ የዳገት መነሻ ረዳትና በእጅ የሚሳብ ፍሬን አለው። ግራ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ያለ ሥራ ያስዞረዋል። (አገር ቤት ለመላክ ለሚያስቡ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አይሆንም።)

ያገለገለ ማንዋል ሲገዛ ሦስት ነገር ይፈተሽ። ሞተሩ ሞቆ፣ በአራተኛ ማርሽ በ60 ኪሎ ሜትር ላይ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፤ ዙሩ ተፈናጥሮ ፍጥነቱ ካልተከተለ ሸራው አልቋል። ቀጥሎ ቆሞ፣ ዜሮ ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይደመጥ፦ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው እጅግ ውድ ነው። ሦስተኛ፣ በፍጥነት ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር የሚንጫጫ ከሆነ፣ ያውም ሞቆ፣ ዋጋ መቀነስ ሳይሆን ሌላ መኪና መፈለግ ነው የሚሻለው። ፍሪሲዮን የሚቀየር ከሆነ ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ሸራው፣ መጫኛውና ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየሩ፤ ሸራው የሚጫንበት የሞተሩ ከባድ ዲስክ፣ ቮላኖውም፣ ፊቱ ተቃጥሎ እንደሆነ ይታይ። አዲሱን ሸራ የተቃጠለ ቮላኖ ላይ የሚገጥም ጋራዥ ከሥራው በኋላ መንቀጥቀጥ ይዞላችሁ ይመጣል።

በ2022 ሞዴል ማንዋሉ በ27,700 ዶላር ሲጀምር ለኦቶማቲኩ 1,500 ዶላር ይጨመር ነበር። ማንዋል የወሰደ ሰው ያንን ገንዘብ በመጀመሪያ ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይትና የፊት ፍሬን ሸራ ላይ ያውለው፣ በተለይ መኪናውን ወደ መኪና ውድድር ሜዳ ሊወስድ ካሰበ።