የ100 ዶላሯ ሌዘር ስካነር ጎንደር መንገድ ላይ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ይቺ ዕቃ ለክፍል ውስጥ አሪፍ ናት፣ ለመንገድ ግን እንዲሁ እንዳለች አትሆንም። ራሱን የሚነዳ ነገር ካልሠራን ብላችሁ ላፕቶፕ ላይ የተጣዳችሁ ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ነገሩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ዕቃዋ ላይዳር የሚሏት የምትሽከረከር ሌዘር ስካነር ናት። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ዋጋዋ ወደ 100 ዶላር ነው፣ እሱም ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምናችሁ ካገኛችሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም። አናቷ በትንሽ ሞተርና በላስቲክ ቀበቶ በሴኮንድ 5 ጊዜ ገደማ እየዞረ ዙሪያውን በሙሉ ርቀት ይለካል። ዩኤስቢውን ትሰካላችሁ፣ ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ይፈሳሉ፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ግድግዳው፣ የወንበሩ እግር፣ በሩ ገርበብ ሲል እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይን ትጎዳ ይሆን ለምትሉ፣ ሌዘሯ በደህንነት ደረጃ 1 ውስጥ ነው፣ አትስጉ።

ጉዱ ያለው ደጅ ነው።

የጓደኛዬ ባጃጅ ፊት ላይ ጉልበት በሚሆን ከፍታ አሰርናትና ከፒያሳ ወደ አራዳ ወረድን። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። የፋሲል ግቢ አጥር አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ይመጣል፣ ድንጋዩ ገባ ወጣ ያለበት ሳይቀር ይለያል። ቆም ስንል አንድ አባት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ የሚዞረው ካሜራ ነው?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ ከፊት ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ ነው» ብላቸው «እሱን በዓይንህ አታየውም?» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ምን ይመለስላቸዋል!

ከዚያ አህያ መጣች። ገበያ ቀን ነው፣ በሁለት ጎን ጆንያ ጭናለች፣ መንገዱን ይዛዋለች፣ የትኛውም ሾፌር ከሩቅ ያያታል። ስክሪኑ ላይ ግን አህያ የለችም። አልፎ አልፎ ብልጭ እያሉ የሚጠፉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስካነሯ የምታየው አንድ ጠፍጣፋ መስመር ነው፣ ጉልበት ከፍታ ላይ ደግሞ ያለው የአህያ እግር እንጂ ጆንያው አይደለም። የምትለካውም በየ1 ዲግሪው ነው። 10 ሜትር ላይ በሁለት ነጥብ መካከል ያለው ክፍተት ከ17 ሴንቲሜትር ይበልጣል፣ የአህያ እግር በዚያ መሃል ሹልክ ይላል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «12 ሜትር» የተባለው ውሸት ባይሆንም ብዙም አይረባችሁም። 12 ሜትር ላይ ግድግዳ ታያለች፣ እግር አታይም። ሻጭ ስትጠይቁ ከርቀቱ በፊት በየስንት ዲግሪው እንደምትለካ ጠይቁ።

ዳር ላይ የቆመው ሲኖትራክ ደግሞ የባሰ ነበር። ጭነቱ ከመስመሩ በላይ ስለሆነ የሚታየው ጎማው ብቻ ነው፣ ጎማ ጥቁር ላስቲክ ነው፣ ጨረሩን ውጦ ትንሽ ነው የሚመልሰው። በጎማዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት «ባዶ ነው፣ ግቡ» ትላለች። የሱቅ መስታወትም እንደዚያው፣ አልፋው ውስጥ ያለውን መደርደሪያ ነው የምትለካው።

ወደ ቀትር ሲሆን ነጥቦቹ ራሳቸው መጥፋት ጀመሩ። ይቺ ርካሿ የምትለካው በሦስት ማዕዘን ስሌት ነው፤ ሌዘሩ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አጠገቡ ያለች ትንሽ ካሜራ ነጠብጣቡ የት እንዳረፈ አይታ ርቀቱን ታሰላለች። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ፣ በዚያ ብርሃን ካሜራዋ ነጠብጣቡን ከየት ታምጣው? በዚያ ላይ ነገሩ በራቀ ቁጥር ስህተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሌላ ጓደኛችን ያለው ግን ብርሃኑ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ዓይነት ነው። ብርሃን በ1 ናኖሴኮንድ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልስ ሲታሰብ የ1 ናኖሴኮንድ ስህተት 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ውስጡ ያለው ሰዓት ምን ያህል ፈጣን መሆን እንዳለበት አስቡት። ሲገዛው ዋጋው ከይቺ ይበልጥ ነበር። ግን በዚያው ቀትር፣ በዚያው መንገድ ሥራውን ሠራ።

ያለችኝን ይዤ ምን አሻሻልኩ? መጀመሪያ ከፍ አድርጌ ጆንያው ትክክል ላይ አሰርኳት፣ አህያዋ ተገኘች። ቀጥሎ ትንሽ ወደ መሬት አዘነበልኳት፣ ባጃጁ ሲሄድ መስመሩ መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳርፓ የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ያዘጋጀውን ሾፌር አልባ መኪኖች የበረሃ ውድድር ያሸነፈው የስታንፎርድ መኪና፣ ስታንሊ፣ ጣሪያው ላይ በተለያየ ማዕዘን ያዘነበሉ 5 ባለ አንድ መስመር ስካነሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2007ቱ የከተማ ውድድር ደግሞ 64 ጨረር ያለው የቬሎዳይን ኩባንያ ስካነር መጣና ጨዋታው ተቀየረ፣ አህያ ከጆሮ እስከ ኮቴ የሚታየው እንደዚያ ባለው ነው። ያኔ ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ነበር፣ ስለዚህ እኛ እያዘነበልን እንቀጥላለን።

ሶፍትዌር ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በዝናብ ጊዜ ጠብታው የውሸት ነጥብ ይፈጥራል፣ ብዙ ሰው ጎረቤት የሌለውን ነጥብ ሁሉ ያጠፋል። ክረምት ላይ ስክሪናችሁ ንጹሕ ይሆናል፣ አህያዋም አብራ ትጠፋለች፣ ምክንያቱም የሩቅ እግርም ብቸኛ ነጥብ ነው! ይልቅ ከቀደመው ዙር ጋር አስተያዩት። ጠብታ እዚያው ቦታ አይደገምም፣ እግር ይደገማል። ነጥቦችን አንድ ዕቃ ብላችሁ ስትሰበስቡም የምትፈቅዱት ክፍተት ከርቀቱ ጋር አብሮ ይስፋ፣ አለዚያ ሩቅ ያለ አጥር ሃያ ቦታ ይቆራረጥባችኋል።

ፍጥነት ላይ ግን መላ የለኝም። ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ በሁለት ዙር መካከል ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አልፏችኋል ማለት ነው። በእግር ፍጥነት ለሚሄድ ጋሪ ወይም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ለሚያመላልስ ሮቦት ትበቃለች። ደጅ የምትሠሩ ከሆነ ታግሳችሁ የብርሃኑን የደርሶ መልስ ጊዜ የሚለካውን ግዙ።

ለመማር ከሆነ ይቺኑ ያዙ። ቀበቶዋ ግን አቧራ ሲገባበት ይንሸራተታል፣ የአዘዞ መንገድ ደግሞ አቧራ አይነፍግም። መለዋወጫውን እዚህ ፈልጌ አጥቻለሁ፣ ስታስመጡ ትርፍ ቀበቶ አስጨምሩ።